የቀይ እስክሪፕቶው ታሪክ፤ ከቅኔ ቤት እስከ ባሮ ዳር

እንበልና በጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት፣ አንዲት ተማሪ ለአማርኛ ፈተና ተቀምጣለች። ጥያቄው አጭር ነው። ‹‹በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የጉዱ ካሣን ገጸ ባሕርይ ተንትኑ›› ይላል። ተማሪዋ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ ታስረክባለች። መምህሩ ማታ ወረቀቱን ሲያርም ቀይ እስክሪፕቶው ሥራ አይፈታም፤ ‹‹ይህ ትረካ እንጂ ትንተና አይደለም››፣ ‹‹ማስረጃሽ የታለ?››፣ ‹‹ደራሲውና ገጸ ባሕርዩ አንድ አይደሉም››፣ ‹‹ከርእስ ወጥተሻል››። ከ20 ሰባት።

ትችቱ ባብዛኛው ልክ ነው። ክርክራችን ከሱ ጋር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለመሆኑ እነዚህ ስሕተቶች ከየት መጡ? ስሕተት ከሰማይ አይወርድም፤ ተማሪም ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እንዳስተማሩት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ የምናያቸው ጉድለቶች ሲመረመሩ አንዱ ከቅኔ ቤት፣ ሌላው ከ1930ዎቹ የንባብ መጽሐፍ፣ ሌላው ደግሞ ከ1966ቱ አብዮት የተረፈ ሆኖ ይገኛል። በደጋው አገር ተወልደው፣ በደጋው አገር አርጅተው፣ ዳገቱን ወርደው ባሮ ዳር ሲደርሱ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እዚያ አንዳንዱ ስሕተት የተባለው ስሕተት ሆኖ አይገኝም።

አስቀድመን አንድ ነገር እንግባባ። ጉዳዩ የዳር አገር ተማሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐያሲ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ የገጣሚውን ስም ሰውሮ 13 ግጥሞችን ለተማሪዎቹ አደለና የተሰማቸውን እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 ‹‹ፕራክቲካል ክሪቲሲዝም›› በሚል መጽሐፍ አወጣው። በአገሪቱ ካሉት አንጋፋ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ውስጥ የተቀመጡት ወጣቶች የግጥሙን ቀጥተኛ ፍች የሳቱ፣ በግል ትዝታቸው የተወሰዱ፣ በልባቸው ተዘጋጅቶ የቆየውን መልስ ያፈሰሱ፣ ሃይማኖታቸውንና አመለካከታቸውን ለግጥሙ ያለበሱ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የኛዋ ተማሪ ብቻዋን አይደለችም።

ከትረካው እንጀምር። ተማሪ ‹‹ተንትን›› ሲባል ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ የሚነግረን ለምንድን ነው? ቋንቋችን ራሱ አንድ እጁን አስገብቶበታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአማርኛ ‹‹ታሪክ›› ሲባል በእውነት የሆነውም ነው፤ ደራሲ የፈጠረውም ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ ስሙ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ›› ነበር። ከልብ የተወለደ፣ ግን ታሪክ። ስለዚህ ተማሪው በዛብህ ከማንኩሳ ተነሥቶ ምን እንደደረሰበት ሲዘረዝር፣ የአድዋን ጦርነት እንደሚዘረዝር ሆኖ ቢሰማው አይፈረድበትም። የሆነ ነገር ደግሞ ይነገራል እንጂ አይተነተንም።

በዚህ ላይ ሬዲዮው ተጨመረበት። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ፍቅር እስከ መቃብር መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ባለታሪክ አድርጎታል። በዚያ ድምፅ ያልተማረከ የለም። ግን በጆሮ የገባ ታሪክ በድርጊቱና በሐዘኑ ይታወሳል፤ ደራሲው አንዱን ነገር ለምን አስቀድሞ ሌላውን ለምን እንዳዘገየው ለመጠየቅ ግን ገጽ መግለጥ ይጠይቃል። ለምሳሌ በዛብህ ለእግዚአብሔር በብፅአት የተሰጠ ልጅ መሆኑ ታሪኩን ሁሉ ቀፍድዶ የያዘ ገመድ ነው። የተራኪ ተማሪ ወረቀት ላይ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ሆኖ ያልፋል፤ ‹‹ወላጆቹ ብፅአት ሰጡት፤ ከዚያም ትምህርት ቤት ገባ።››

ከትረካው ጎን የሚቆመው ‹‹ደራሲው ሊያስተምረን የፈለገው›› የሚለው መዝጊያ ነው። ይኸኛው ከጠላት ወረራ በኋላ ከተስፋፋው ዘመናዊ ትምህርት ጋር ያደገ ነው። የከበደ ሚካኤል ‹‹ታሪክና ምሳሌ›› ብዙ ትውልድ በቃሉ የያዘው የንባብ መጽሐፍ ነው፤ ውበቱም አያጠያይቅም። እንዲህ ባለው መጽሐፍ ያደገ ሕፃን ግን ማንኛውም ጽሑፍ በስተመጨረሻው ምክር እንዳለው ያምናል። ሃያ ዓመት ሲሞላው ወፍራም ልብ ወለድ ይሰጡታል፤ እሱም ‹‹ትዕቢት እንደማይጠቅም ያስተምረናል›› ብሎ ይዘጋዋል። ያ ሁሉ ገጽ ለዚህ ከሆነ የተጻፈው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ብዙ ቀለም አባክነዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አሮጌው ስሕተት እንምጣ። ይህ ከሁሉም የሚያሳዝን ነው፤ ከባለጠጋ ቤት የወጣ ድሃ ነውና። ሰምና ወርቅ የማሳደድ ልማድ ማለታችን ነው። ግጥም ሲሰጠው ‹‹ወንዙ የሕይወት ምሳሌ ነው፤ ደመናው የመንግሥት ምሳሌ ነው፤ ወፏ ነፃነት ናት›› እያለ የሚያድል ተማሪ አለ። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ‹‹አማርኛ ቅኔ ነው›› ይላል።

ግን ቅኔ ቤት እንዲህ ይፈቅዳል? በዋሸራ ወይም በጎንጅ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ‹‹ደግ፣ ወርቁ ገብቶኛል›› ብለው አይለቁትም። ማሰሪያው ግሥ የትኛው ነው? ባለቤቱ ማን ነው? ሰሙን የተሸከመው ቃል ወርቁንም ይሸከማል ወይ? አገባቡ ካልገጠመ ቅኔው ቅኔ አይሆንም፤ ተማሪው ተመልሶ ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። ያ እንግዲህ ጥብቅ ፈተና ነው። ማስረጃው ከቃሉ ውስጥ እንዲወጣ የሚያስገድድ፣ ‹‹መሰለኝ›› የማይባልበት ፈተና ነው።

የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ቤትም ቢሆን ከዚህ አያንስም። አንድምታው ‹‹አንድም›› እያለ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍች ሲጨምር እያንዳንዱን በታሪክ ወይም በንባቡ እያስደገፈ ነው። አንድ ጽሑፍ ከአንድ በላይ ፍች ሊሸከም እንደሚችል፣ ግን ማንኛውንም ፍች እንደማይሸከም ያወቁ ሰዎች ነበሩ። ይህን የሚያህል ርስት እያለን ዘመናዊው ክፍል የወረሰው ግማሹን ብቻ ነው። ‹‹የተደበቀ ነገር አለ›› የሚለውን ወሰደ፤ ‹‹አገባቡን አሳይ›› የሚለውን በዋሸራ ትቶት መጣ። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ በኢትዮጵያ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ታሪክ ከጠፋብን ነገር ሁሉ እጅግ የሚቆጨው ይህ ነው።

ለነገሩ ሳንሱርም ልማዱን አባብሶታል። ደራሲ በግልጽ መናገር በማይችልበት ዘመን አንባቢ ከመስመር በታች ማንበብን ይለምዳል። የበዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ›› በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ አንባቢው ይኸኛው እገሌ ነው፣ ያኛው እገሌ ነው እያለ ገጸ ባሕርያቱን ከባለሥልጣናቱ ጋር ሲያዛምድ ነበር። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ቀደም ባለው ‹‹ደራሲው›› በተሰኘው መጽሐፉም ውስጥ ብዙ አንባቢ ያየው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ነው። አንባቢው በሁለቱም ብዙ አልተሳሳተም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ‹‹ጉዱ ካሣ ማለት ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ናቸው›› ብሎ ቢጽፍ ምን ይገርማል?

የጉዱ ካሣው ነገር ግን ቆም ብለን ልናየው ይገባል። ሐዲስ ጎጃም ተወልደው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ ኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ካሣ ዳምጤ ግን የገዛ ወገኖቹ እብድ ብለው ‹ጉዱ› ያሉት ሰው ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ተማሪ ትልቁን ነገር ያጣዋል፤ ደራሲው እውነቱን በእብድ አፍ ማናገር ለምን እንዳስፈለጋቸው አይጠይቅም። ያንን ቢጠይቅ ኖሮ ሃያውን ያገኝ ነበር።

ከ1966 በኋላ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ አንድ የተዘጋጀ መልስ መጣ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም አብዮቱ ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ግን ጉዱ ካሣ ነቢይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው የቃላቱን ጥቅል አይረሳውም። ፊታውራሪ መሸሻ የበዝባዡ መደብ ወኪል፣ በዛብህ የጭቁኑ ወኪል፣ ሰብለ ወንጌል በሁለቱ መካከል የተሰዋች። ይህ ትንታኔ ሐሰት አይደለም። ችግሩ ከመጽሐፉ በፊት የተጻፈ መሆኑ ነው። የዳኛቸው ወርቁን ‹‹አደፍርስ››ም ብትሰጠው፣ ተረትም ብትሰጠው ያንኑ ይመልሳል። ሪቻርድስ ካምብሪጅ ላይ ያገኘው ‹‹ተዘጋጅቶ የቆየ መልስ›› ማለት ይኸው ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ‹መደብ› የሚለው ቃል ከወረቀቱ ወጣ፤ አቀማመጡ ግን ቀረ። በቦታው ሌላ የወቅቱ ቃል ይገባል እንጂ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

የሙያ ቃላቱን ጉዳይ በአጭሩ እንለፈው። ገጣሚውና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ደበበ ሰይፉ ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ብዙ የአማርኛ ቃል በማበጀት ስማቸው ይነሣል፤ ‹መቼ›ንና ‹የት›ን አጋጥሞ የተሠራው ‹‹መቼት›› ከነሱ አንዱ እንደሆነ ይነገራል። ጥሩ ቃል ነው። ተማሪ ግን ‹‹መቼቱ ጎጃም ነው፤ ሴራው ጠንካራ ነው፤ ግጭቱ ውስጣዊና ውጫዊ ነው›› ብሎ ያቆማል። መሣሪያውን ቆጥሮ ሥራውን ሳይጀምር እንደሚሄድ አናጺ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባውም፣ ለደብረ ማርቆሱም፣ ለጋምቤላውም ተማሪ እኩል ይሠራል። ጋምቤላ ላይ ግን የሚጨመር ታሪክ አለ።

ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በኢታንግ አካባቢ ባሮ ዳር ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ፈቀዱ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1904 ጋምቤላ ላይ ቆመ፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም እየመጣ የጎሬንና የአካባቢውን ቡና ይጭን ነበር። ሱዳን ነፃ ስትወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ስለዚህ አማርኛ ወደ ጋምቤላ የወረደው አንድም በቅሎ ነጂና ነጋዴ ይዞት፣ አንድም መንግሥት ይዞት ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ የአካባቢው ቋንቋ በቃል ብቻ፣ ያውም ተማሪው አማርኛ እስኪለምድ ድረስ ተፈቀደ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ አኙዋክኛና ኑዌርኛ ከ15ቱ ውስጥ አልነበሩም። በራሱ አፍ ፊደል መቁጠር ለጋምቤላ ልጅ በሰፊው የተከፈተለት ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው፤ አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛና መዠንግርኛ በታችኞቹ ክፍሎች የትምህርት ቋንቋ ሆኑ። ያውም በላቲን ፊደል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው።

እንግዲህ ያቺ ተማሪያችን ፍቅር እስከ መቃብርን ስትከፍት ምን እንደምታደርግ አስቡት። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ በሆነ ቋንቋ፣ ኋላ በለመደችው ፊደል፣ ብፅአትን፣ ጉልትን፣ ደብተራን፣ የአጥንት ቆጠራን በመጽሐፍ ብቻ እያወቀች ነው። የጎጃሙ ልጅ ብፅአትን የማያብራራው እየታወቀ ምን ያብራራል ብሎ ነው፤ እሷ የማታብራራው አዲስ ሆኖባት ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ጉድለት ይመስላሉ። መምህሩ ለሁለቱም ‹‹አላብራራህም፤ አላብራራሽም›› ይላል።

የሚገርመው፣ ይህ መጽሐፍ ለምዕራቡ ያን ያህል ባዕድ አለመሆኑ ነው። አዲስ አበባ በጠላት ከተያዘች በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ጎሬ ነበረች፤ ከውጭ ጋር የሚያገናኛት በር ደግሞ ጋምቤላ። ወጣቱ ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ከሰሜን ወደዚያው ወደ ምዕራብ ዘልቀው፣ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሲሰጡ አብረው ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ያን ዘመን ‹‹ትዝታ›› ብለው ጽፈውታል።

አሁን ‹‹ከርእስ ወጥተሻል›› ወደሚለው ቀይ ቀለም እንመለስ። ገበሬዎቹ ፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚያምፁበትን ክፍል አንድ የአኙዋክ ተማሪ ተነተነው እንበል። የደጋው መልስ የታወቀ ነው፤ ‹ጭሰኛ በጌታው ላይ ተነሣ› ነው። አኙዋኮች ግን ስለ ሹምና ሕዝብ ሌላ የሚያውቁት ነገር አለ። በድሮው ሥርዓታቸው የመንደሩን ሹም ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ፣ ለሹም ብቻ በሚነገር የአክብሮት አነጋገር ነበር የሚያናግረው። ሆኖም ሹሙ የሰበሰበውን መልሶ የማያበላ፣ እጁ የጠበቀ እንደሆነ፣ ያው ጎንበስ ሲል የነበረው መንደር ተነሥቶ ያባርረውና ከዘመዶቹ ሌላውን ይሾማል። ይህን ‹አገም› ይሉታል። አኙዋኮችንና ኑዌሮችን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያጠናው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በሰፊው ጽፎበታል።

ተማሪው ‹‹ገበሬዎቹ የተነሡት ጌትነትን ጠልተው አይደለም፤ ጌታው የጌትነቱን ደንብ ስላፈረሰ ነው›› ብሎ ቢጽፍ፣ ይህ ከርእስ መውጣት ነው? ይህ ጸሐፊ አይመስለውም። በመደብ ቋንቋ ከተጻፈው መልስ ይልቅ ወደ መጽሐፉ የቀረበ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ገበሬዎቹን የሚያስቆጣቸው ከለመዱት በላይ መጠየቃቸው ነው። ስሕተት የሚሆነው ‹‹በእኛ አገር እንዲህ ነው›› ብሎ እዚያው ከቆመና ወደ ገጹ ካልተመለሰ ብቻ ነው። የቅኔው መምህር ቢኖሩ የሚጠይቁትም ይህንኑ ነበር፤ አገባቡን አሳይ።

የኑዌሩ ልጅም እንዲሁ። በኑዌር ዘንድ ጋብቻ በከብት ይታሠራል፤ ጎረምሳ ለወግ ሲበቃ የሚሰጠውን ወይፈን ስም ለራሱ ይይዛል፤ ስለ ወይፈኑም ይዘፍናል። የከብት መልክ መጥሪያ ቃላቸው ከነብርና ከወፍ እየተዋሰ የሚሠራ ነው። በዘይቤ ያደገ ሰው ነው ማለት ነው፤ ዘይቤ አይገባውም የሚለው መምህር ጠይቆት አያውቅም። እሱ ‹‹የሰብለ ወንጌል ጥሎሽ ስንት ነው?›› ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ ይስቃል። ጥያቄው ግን አያስቅም። ፊታውራሪ ለልጃቸው እኩያ አጥተው እያማረጡ ያስቀሯት፣ ጋብቻው የአጥንት ልውውጥ ስለሆነና ከሚመዛዘናቸው በቀር የሚቀበሉት ስለሌለ ነው። የከብቱን ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ይህን ሒሳብ ቶሎ ያገኘዋል።

አሜሪካዊቷ ላውራ ቦሃናን እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣችው አንድ የታወቀ ጽሑፍ አለ። በናይጄሪያ ለቲቭ ሽማግሌዎች የሐምሌትን ታሪክ ስትነግራቸው፣ ሽማግሌዎቹ እሷን ያርሟት ጀመር። አጎትየው የወንድሙን ሚስት ማግባቱ ደግ አደረገ፤ የሞተ ሰው አይሄድም፣ ያዩት ምልክት ጠንቋይ የላከው ነው አሏት። የኑዌር ሽማግሌም ሟች ወንድም ሚስት ላይ ከዚህ የተለየ አይፈርድም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ የመለሱትን ሐምሌት ጋምቤላ ላይ ለሚያነብ ተማሪ እናቲቱ ለምን እንደተኮነነች ራሱ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ሊጠይቀው የሚችል ጥያቄ። ሆኖም ሽማግሌዎቹም አንድ ነገር አጥፍተዋል፤ ታሪኩን ሳይጨርስ ልማዳቸው ቀደመው። ከካምብሪጆቹ ወጣቶች ጋር የሚያመሳስላቸው ይህ ነው።

እስካሁን ያነሣናቸው ስሕተቶች በቀይ እስክሪፕቶ ብቻ የሚነቀሉ አይደሉም፤ ብዙው የሚወሰነው ጥያቄው ሲዘጋጅ ነው። ‹‹ገጸ ባሕርዩን ተንትኑ›› የሚል ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ይጠራል፤ የተዘጋጀ መልስም ይመጣለታል። በምትኩ ጋምቤላ ላይ እንዲህ ተብሎ ቢጠየቅስ? ‹‹ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ምን ፈርሶባቸው ነው? በአካባቢያችሁ ሹምና ሕዝብ ከሚተሳሰሩበት ደንብ ጋር እያነጻጸራችሁ፣ ከመጽሐፉ ከሦስት ቦታ ያላነሰ እየጠቀሳችሁ አስረዱ። አንድም ብላችሁ ሁለተኛ ፍች ብታመጡ ይፈቀዳል። ታሪኩን መተረክ ነጥብ አያሰጥም።››